ወደ ባቲ የሄደው የአስተማሪው ወንበር

ይህን ትዝታ ከመጻፌ በፊት ከምን ከምን እንዳጠናቀርሁት መናገር ይገባኛል። ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰዎችን ምስክርነት በመመርመር ስለሆነ፣ ተራው የእኔ ሲሆን ሚዛኑን ማላላት ተገቢ ሆኖ አይታየኝም። ዋናው ምንጬ የራሴ ማስታወስ ነው። እርሱም ገና ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ያየውንና ያ ልጅ አድጎ ደጋግሞ ሲያወራው የጨመረበትን አንድ ላይ የያዘ ስለሆነ፣ ስፌቱ የት ላይ እንደሆነ አሁን ለይቼ ማሳየት አልችልም። ከእኔ ሌላ ታላቅ እኅቴ ሰዓዳ አለች፤ የምትኖረው እዚሁ ከሚሴ ከእኔ ቤት ብዙም ሳይርቅ ነው። እርሷ ብዙውን ነገር ከእኔ የተሻለ ታስታውሳለች፤ ወይም ከእኔ በበለጠ ርግጠኝነት ትናገራለች፤ ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ከሥራዬ ተምሬአለሁ። አጎቴ ይመር ደግሞ በሕይወት ሳለ ይህንኑ ታሪክ በየሰርጉ ያወራው ነበር። ነገር ግን ይመር አድማጭ ካልሳቀለት ታሪኩን እዚያው የሚያሻሽል ሰው ስለነበር፣ ቃሉን የምወስደው ሌላ ምስክር ሲደግፈው ብቻ ነው። የተጻፈ ነገር የለም፤ ፎቶግራፍም የለም። ዓመተ ምሕረቱን እንኳ አልጠቅስም። የማውቀው የማሽላ አጨዳ ወራት እንደነበረና ዝናቡ በጊዜው የቆመበት የጥጋብ ዓመት እንደነበረ ብቻ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰው የጎማ ሽታ ነው። ባለፈው ዒድ የልጅ ልጄ ሐያት ከአዲስ አበባ ስትመጣ፣ በመኪናዋ ኋላ አንድ የታጠፈ ዊልቸር፣ አንድ ባለ አራት እግር መራመጃና አንድ እንደ ጃንጥላ የሚሰበሰብ ከዘራ ጭና መጣች። ከበዓሉ በኋላ እኔንና ልጆቿን አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ ሰፊ መጫወቻ ስፍራ ልትወስደን አስባለች። ሦስቱንም ያመጣችው ጉልበቴ ከቤቴ እስከ መስጊድ ድረስ እንኳ ሳያሳርፈኝ እንደማያደርሰኝ ስለምታውቅና የሚስማማኝን ራሴ እንድመርጥ ብላ ነው።

"ከዘራው ይበቃኛል" አልኋት።

"አባባ፣ ቦታውን አላየኸውም። ከዘራ የሚያደርስህ ቲኬት እስከሚቆረጥበት ድረስ ነው።"

"እንግዲያው እናንተ ግቡ፤ እኔ በር ላይ ተቀምጬ እጠብቃችኋለሁ።"

"በር ላይ ለመቀመጥማ ከሚሴ ምን አነሰህ?"

እውነቱን ለመናገር ያሳሰበኝ ርቀቱ አልነበረም። እንደ እኔ ያለ ሽማግሌ በዊልቸር ሲገፋ ያየ ሰው ሁሉ፣ ምን ሆነው ነው፣ የት ሊታከሙ ነው እያለ ይጠይቃል። ልጫወት ነው የምሄደው ብዬ ልመልስለት? ይህን ለሐያት አልነገርኋትም። እርሷም መልሴን ሳትጠብቅ ዊልቸሩን ዘርግታ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አቆመችው። ጎማው አዲስ ስለነበር ሙቀቱ ሲመታው ሸተተ፤ ያ ሽታም ሳላስበው ወደ አኮ ዘሀራ ወሰደኝ።

አኮ በእኛ አገር ኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እኛ ልጆች በአማርኛ ስናወራም ከዚህ ሌላ መጠሪያ አልነበረንም። አኮ ዘሀራ የአባቴ እናት ነበረች። ቤታችን ከከሚሴ ወጣ ብሎ በጨፋ ሸለቆ ዳር ነበር፤ ከደጃፋችን ጀምሮ እስከ ቦርከና ድረስ ማሽላ ነው። አኮ በጉልበቷ ዘመን ከየቤቱ ቅቤ እየሰበሰበች ባቲ ድረስ ወስዳ የምትሸጥ ነጋዴ ነበረች። ስለ ባቲ ስታወራ ግን ስለ ሽያጩ አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም። የምታወራው ስለሚታየው ነበር፦ ከቆላ ስለሚወጡት አፋሮችና ስለ ጸጉራቸው አሠራር፣ ስለ ጨው፣ ከሁሉ ይልቅ ስለ ግመሎቹ። "ግመል እኮ" ትል ነበር፣ "ስትገዛውም ስትሸጠውም ፊቱ አንድ ነው። ሁላችንንም ይንቀናል።"

ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ክረምት ቦርከናን ስትሻገር ድንጋይ አዳለጣትና ዳሌዋ ተሰበረ። ወጌሻ ተጠርቶ አሻት፣ ወራት ተኛች፣ ክረምቱም ወጣ። በመስከረም ተደግፋ መቀመጥ ቻለች፤ መቆም ግን አልሆነላትም።

እኔ በዚያ ጊዜ የሰው እግር እንደ ጫማ የሚያልቅ ነገር ነው ብዬ አምን ነበር። አኮ እግሯን የጨረሰችው ባቲ ስትመላለስ እንደሆነ ግልጽ ሆኖ ታየኝ። ስለዚህም የራሴን ለመቆጠብ ስል ከትምህርት ቤት ስመለስ በአንድ እግሬ እየነጠርሁ እሄድ ጀመር፤ ግራውን ለእርጅናዬ ማስቀመጤ ነበር። ዛሬ ቀድሞ የከዳኝ ያው ግራው ነው። ከዚያ ጋር ግንኙነት ያለው አይመስለኝም።

አንድ ጠዋት አባቴ ማጭዱን እየሳለ ሳለ አኮ ከተኛችበት ተጣራችው። የሚከተለውን ሰዓዳም እኔም በተቀራራቢ ቃል እናስታውሰዋለን።

"ባቲ ውሰዱኝ።"

"ምን ልትገዢ እማዬ?"

"ምንም።"

"ምን ልትሸጪ?"

"ምን አለኝና!"

"ታዲያ ምን ልትሠሪ?"

"ላይ ነዋ! ዓይኔ አልተሰበረ።"

አባቴ ማጭዱን አስቀመጠ። "ለመታከም ከሆነ ጀርባዬ ላይ አዝዬሽ ደሴም እሄዳለሁ። ሰው ግን ምን ይለኛል? እናቱን ተሸክሞ ገበያ ያዞራል ይበሉኝ?"

"መታከሙን ጨረስሁ ልጄ። ወጌሻውም ተስፋ ቆርጦ ሄዷል። እኔ ተስፋ የቆረጥሁት ከመሄድ ነው፤ ከማየት አልቆረጥሁም።"

የአባቴን ጭንቀት ዛሬ እረዳዋለሁ። በእኛ ዘንድ ሰው የሚሸከመው ወይ በሽተኛ ነው፣ ወይ ሙሽራ ነው፣ ወይ አስከሬን ነው። ሦስቱም የታወቀ መንገድ፣ የታወቀ ምርቃት አላቸው። አንዲት አሮጊት ደስ ይበላት ተብሎ ግን ጎልማሶች አጨዳ ትተው ሸክም ሲገቡ ያየ ሰው አልነበረም። አባቴ እንቢ አለ። አኮም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዝም አለች። ዝምታው ምን ያህል ቀን እንደቆየ አላውቅም፤ ለእኔ ግን ወራት መሰለኝ። ወሬ ከቤታችን ጠፋ። ስለ ግመል የሚነግረኝ አጣሁ። በመጨረሻ አባቴ ራሱ ምሳ ላይ፣ "ከባቲ ጫጫታ የዚህ ቤት ጸጥታ ባሰብኝ። በምን ትሂድ?" አለ።

ጥያቄውን የወሰደው የአባቴ ታናሽ ይመር ነው። እጁ ሥራ የሚወድ፣ አፉ ደግሞ ከእጁ የሚቀድም ሰው ነበር። መጀመሪያ ከወይራ ሁለት ምርኩዝ ጠረበላት። እንዳያዳልጥም ብሎ ከተጣለ የመኪና ጎማ ቆርጦ ጫፋቸው ላይ በሚስማር መታበት። ጎማው ፀሐይ ላይ ሲውል የሚሸተው ሽታ ከዚያ በፊት የማላውቀው፣ የሩቅ አገር ሽታ ነበር። አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተው ነበር። አኮ ሁለት ሰው ደግፏት ምርኩዞቹን በብብቷ ያዘችና ወደ ማሳው ወጣች። የጨፋ ጥቁር አፈር ግን ዝናብ ሲያቆም ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም እጅ ያስገባል። ምርኩዙ ገና ብዙ ሳይሄድ አንዱ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ይመር ጎንበስ ብሎ ሲጎትት አኮ፣ "ይመር፣ ተወው ይብቀል። ለከርሞ ጥላ ይሆነናል" አለችው።

ቀጥሎ በቅሎ ተሞከረ። ዳሌዋ አንፈራጣ እንድትቀመጥ አልፈቀደላትም፤ ወደ አንድ ወገን ስትቀመጥ ደግሞ በቅሎዋ በተራመደች ቁጥር ወደ መሬት ትንሸራተት ነበር። "ሙሽራ ሆኜ ስመጣም ይህችን እንስሳ አልወደድኋትም" ብላ አስወረደች። ይመር በጀርባው ላዝልሽ አላት። እርሱን ግን ገና ከበሩ ሳይወጣ፣ "ባቲን ልይ አልሁ እንጂ ማጅራትህን ልይ አልሁ?" ብላ መለሰችው። የቀረው ቃሬዛ ነበር።

ቃሬዛው ሁለት ረጅም እንጨት በጠፍር ተወጥሮ የተሠራ ሲሆን፣ የመንደሩ የጋራ ንብረት ነው። መንገዱ እንዲህ ታሰበ፦ እሑድ ጠዋት በቃሬዛ እስከ ከሚሴ አስፋልት፣ ከዚያ በጭነት መኪና በኮምቦልቻ ዞሮ ባቲ፤ እዚያ ዘመድ ቤት አድሮ ሰኞ ገበያውን ማየት። አባቴ፣ ይመርና ሁለት ጎረቤቶች ተሸከሙ። ሰዓዳ አኮን እንድትረዳ፣ እኔ ደግሞ ስላለቀስሁ ተከተልን። ፀሐዩ ሲበረታ ሰዓዳ ነጭ ኩታዋን አውልቃ አኮን ከራስ እስከ እግር አለበሰቻት። ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህች ኩታ የመጣ ነው፤ ሰዓዳም እስካሁን፣ "ፀሐይ ነበረ፤ ምን ላድርግ?" ትላለች።

በእኛ አገር ቃሬዛ ያየ ሰው ቆሞ አይጠይቅም። ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ ትከሻውን ያስገባል፣ ጥያቄ ቢኖረውም እየተራመደ ነው የሚጠይቀው። አጅሩ፣ ከአላህ የሚገኘው ምንዳ፣ በሸክሙ ነው። እሑድ ደግሞ በየአውድማው ሰው ሞልቷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች መንሻቸውን ጥለው መጡና ጎረቤቶቻችንን ተኩ። ቀጥለው የመጡት አባቴን፣ "አንተ እረፍ፣ ተው" ብለው ከትከሻው ላይ ወሰዱለት።

"ማናት?" አለው አንዱ።

"እናቴ ናት።"

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን! ዘሀራ?"

አባቴ ያን ጊዜ፣ የለም፣ አልሞተችም፣ ገበያ ልታይ ነው ማለት ነበረበት። አላለም። አፉ ውስጥ ሲያገላብጠው አየሁት ይል ነበር ይመር። አንዲት ቃል ማውጣት ከበደው፤ እርሱ ሲያመነታም ከየአቅጣጫው ሰው ጨመረ። "ላ ኢላሃ ኢለላህ" የሚለው ድምፅ ከፊት ተነሣ። ሼህ ኑሩም ከቤታቸው ደጃፍ ተነሥተው ከፊት ሆኑ። የመንደሩ ታላቅ ሰው ነበሩ፤ እርሳቸው ከገቡ በኋላማ ማን ያስቆመዋል?

እኔ በዚህ ሁሉ ከሁሉም ይልቅ ደስተኛ ነበርሁ። ሰዎቹ ሁሉ ከእኛ ጋር ባቲ የሚሄዱ መስሎኝ ነበርና። አኮ ስለ ግመሎቹ ያወራችውን ሰምተው ያላስቻላቸው መሰለኝ፤ አብሬአቸው ላ ኢላሃ ኢለላህ እያልሁ ከኋላ እሮጥ ነበር። አንዱን ሽማግሌ፣ "እርስዎም ግመል ሊያዩ ነው?" ብዬ እንደጠየቅሁ ሰዓዳ ትነግረኛለች። ሽማግሌው ራሴን ዳብሰው እንባቸውን ጠረጉ ትላለች። ይህን እኔ አላስታውስም።

አኮስ ምን ታደርግ ነበር? እርሷ፣ ቃሬዛው ሲወዛወዝ እንቅልፍ ወሰደኝ ትል ነበር። ይመር ግን ነቅታ ነበር፣ ስለ እርሷ የሚባለውን ልትሰማ ነው ዝም ያለችው ይል ነበር። ለዚህኛው የተሻለ ማስረጃ አለ። መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ደረስን፤ አንዱ በትምህርት ቤቱ በኩል ወደ ከሚሴ ይወጣል፣ ሌላው ትልቅ ዋርካ ወዳለበት መቃብር ይወርዳል። ከፊት የተሸከሙት ነገሩን የማያውቁ ሰዎች ስለነበሩ ወደ ዋርካው ዞሩ። አባቴና ይመር ከኋላ ሰውን እየገፉ ሲሮጡ፣ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ለጓደኛው ሲናገር ተሰማ።

"ደግ ሴት ነበረች፣ አላህ ይማራት።"

"ደግስ ነበረች። ቅቤዋ ብቻ ውኃ ይበዛው ነበር።"

ኩታው ተገለጠ።

"የማን ቅቤ ነው ውኃ የሚበዛው?"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም በቅደም ተከተል ሊናገረው አይችልም። አንድ ሰው ሮጠ፤ እንደ ይመር ከሆነ እስኪጨልም አልተመለሰም። አንዱ ተሸካሚ እጁን ለቀቀ፤ አባቴ ደርሶ እንጨቱን በደረቱ ተቀበለው። ስለ ቅቤው የተናገረው ሰው መሬት ላይ ቁጭ አለ። አኮ በክርኗ ተደግፋ ተነሥታ ዙሪያዋን ቃኘች፣ ዋርካውንም አየች።

"ወዴት ነው የምትወስዱኝ? የባቲ መንገድ ወዲህ ነው እኮ!"

ሼህ ኑሩ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ቀረብ አሉ። "ዘሀራ፣ አልሞትሽም?"

"ሼህ ኑሩ፣ ብሞት እነግርዎት ነበር።"

"ባቲ ትያለሽ፣ ለምን? ሐኪም አለ?"

አባቴ መሬት መሬት ያይ ነበር። አኮ ወደ እርሱ ተመለከተችና፣ እርሱ ያልቻላትን ቃል ራሷ አወጣቻት።

"ገበያውን ላይ ነው። የምገዛውም የምሸጠውም የለኝም። ላይ ነው።"

"ለዚህ ነው አውድማዬን ያስጣላችሁኝ?" አለ ከኋላ አንድ ወጣት። "በሬዎቼ ማሽላውን እየበሉት ነው እኮ! አሮጊት ለማዝናናት?"

ሼህ ኑሩ ወደ ወጣቱ ዞሩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እኔ የሚያለቅሱ መስሎኝ ፈራሁ። ሲስቁ ነበር። ሰውም ከእርሳቸው ተቀብሎ ሳቀ፤ ቅቤውን ያማው ሰው ሳይቀር ከተቀመጠበት ሳቀ። ሲበርድላቸው ዓይናቸውን ጠርገው፣ "ግመሎቹ አሁንም ያጉረመርማሉ?" አሏት።

"እሱን ልይና እነግርዎታለሁ ኢንሻአላህ።"

"በሉ አንሡ" አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። "አጅራችሁን ግማሽ መንገድ ላይ አትጣሉት። በሬ ያለው ወደ በሬው ይሂድ፤ የቀረው ከሚሴ ያድርሳት።"

አኮ ግን እጇን አነሣች። "እዚህ ነገር ላይ ሁለተኛ አልተኛም። ዛሬ በቅቤዬ ዳንሁ። ነገ በምን እድናለሁ? ተቀምጬ ውሰዱኝ። ተቀምጦ የሚሄድን ሰው ማንም አይቀብረውም።"

መቀመጫ ከየት ይምጣ? በመንደሩ ዱካ፣ መደብና በርጩማ እንጂ ደገፋ ያለው ወንበር አልነበረም። አንድ ወንበር ብቻ ነበር፤ እርሱም እኔ በየቀኑ ፊት ለፊቱ መሬት ላይ የምቀመጥበት የአስተማሪያችን ወንበር ነው። እኔ ነኝ የጠቆምሁት ብዬ ለዘመናት ሳወራ ኖሬአለሁ። ሰዓዳ ደግሞ እኔ ነኝ ትላለች። ክርክሩ አልተዘጋም። አስተማሪው ከሸዋ የመጡ፣ ከትምህርት ቤቱ ጎን የሚኖሩ ወጣት ነበሩ፤ ጫጫታውን ሰምተው ወጥተው ነበር።

"ወንበሩ የመንግሥት ነው" አሉ። "የመንግሥት ንብረት ገበያ አይወርድም።"

"መንግሥት ባቲን አይቶት ያውቃል?" አለቻቸው አኮ።

"እኔ ዋስ ነኝ" አሉ ሼህ ኑሩ። "ወንበሩ ካልተመለሰ እኔን አስቀምጠው ያስተምሩብኝ።"

አስተማሪው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። ወንበሩ መጣ። ይመር የቃሬዛውን ጠፍር ፈታና እግሮቹን ከሁለቱ እንጨቶች ጋር በመጫኛ አጥብቆ ቀፈደደ። አኮ ተቀመጠች፤ ሰዓዳ ኩታውን አሁን በትከሻዋ ላይ አደረገችላት። አራት ሰው ብድግ ሲያደርጋት ከማሽላው ራስ በላይ ሆነች። ከአንገቷ በታች በቢጫው ዛላ ተከልላ፣ ጭንቅላቷ ብቻ በማሳው ላይ ሲሄድ አየሁ። ከሩቅ የሚያጭዱ ሰዎች ቀና ሲሉ እርሷ ቀድማ፣ "አካም ቡልተኒ!" ትላቸዋለች፤ እንዴት አደራችሁ ማለቷ ነው። "ነጋ!" ይላሉ፤ ደኅና ማለታቸው ነው። "ወዴት ነው አኮ?" "ባቲ! ላይ ነው!" ከዚያ ቦታ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይህን ያልሰማ ሰው አልነበረም። አባቴ ከፊት ቀኙን ይዞ ነበር፤ የሆነ ቦታ ላይ ሲጠይቁት ራሱ፣ "ባቲን ልታይ ነው!" ብሎ መመለስ ጀመረ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ይህን በተመለከተ ጥርጥር የለኝም።

የመኪናው ሾፌር ወንበሩን ከነሰዉ ሲያይ፣ "በሽተኛ ነው?" አለ። "አይደለሁም፤ ገበያ ልመለከት ነው" አለችው። "እንግዲያማ ጋቢና ግቢ፤ ከዚያ ነው የሚታየው።" ወንበሩ ከኋላ ከእኛ ጋር በጤፍ ከረጢት ላይ ሄደ።

ስለ ባቲ የማስታውሰው በቁርጥራጭ ነው። አቧራ፣ የግመል ሽንት፣ ከየት እንደሚመጣ የማላውቀው ጉርምርምታ። ይመርና አባቴ አኮን ከነወንበሯ ግመልና ፍየል በሚገባበት አፍ ላይ አኖሯት። በገበያ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል ቀራጭ ብቻ ነበርና፣ ከቆላ የወጡት እረኞች ፍየላቸውን እየነዱ መጥተው ፊቷ ቆሙ፤ እንድትመለከትላቸው። አኮም ነገሩ ሲገባት አልተቃወመችም። እያንዳንዱን ፍየል በክብር ታየውና በእጇ እለፉ ትላለች። እውነተኛው ቀራጭ መጥቶ እስኪቆጣ ድረስ ብዙ ፍየል በአያቴ ፈቃድ ባቲ ገብቷል። ቀራጩ ሲቆጣም፣ "ወንድሜ፣ አንተ ገንዘቡን ውሰድ፤ እኔ ፍየሉን ባይ ምን ጎዳህ?" አለችው።

ከቀትር በኋላ አንድ በዕድሜ የገፋ አፋር ግመሉን እየሳበ አልፎ ሄደ፤ ቆመ፤ ተመለሰ። "ዘሀራ!" አለ። "ቅቤ!" ከዚህ ሌላ ብዙ አማርኛ አልነበረውም፤ እርሷም የእርሱን ቋንቋ የምታውቀው ለዋጋና ለሰላምታ ያህል ነው። ግን ረጅም ጊዜ አወሩ። ዳሌዋን በእጇ አሳየችው፣ እርሱም የተነቀሉ ጥርሶቹን አሳያት። አኮ ወደ ይመር ዞራ፣ "ይኸውና! እሱ ስለ ቅቤዬ ምን እንደሚል ጠይቁት!" አለች። ሰውየው ሳይገባው ራሱን ነቀነቀ። እንጨቱ እንዳይቆረቁራት ብሎም ከግመሉ ጀርባ ምንጣፉን አውርዶ ወንበሯ ላይ አነጠፈላት። ቀጥሎ ግመሉን በጉሮሮው ድምፅ እያሰማ አንበረከከው።

ከዚህ በኋላ የእኔና የሰዓዳ ምስክርነት ይለያያል። እኔ የማየው እንዲህ ነው፦ አባቴና ይመር አኮን ከወንበሩ አንሥተው በሁለት ወገን ደግፈው ግመሉ ላይ ያስቀምጧታል፤ ግመሉ እንደ ልማዱ የኋላ እግሮቹን አስቀድሞ ሲነሣ ወደ ፊት ትደፋለች፤ "ያ ረቢ!" ትላለች፤ ከዚያም ከሰው ሁሉ በላይ፣ ከገበያው በላይ ሆና፣ እንደ ልጅ ትስቃለች። የሳቋን ድምፅ ሳይቀር እሰማዋለሁ። ነገር ግን ይህ ሥዕል እጅግ የተሟላ ነው፤ የተሟላ ትዝታ ደግሞ ሁልጊዜ ያጠራጥረኛል። በማሽላው ላይ ከፍ ብላ ስትሄድ ያየኋትን ወስጄ ግመሉ ላይ አስቀምጫት ሊሆን ይችላል። ይመርን ማመን አልችልም፤ በእርሱ አነጋገር ግመሉ ሮጧል።

ወንበሩ ማክሰኞ ተመለሰ። ረቡዕ አስተማሪው ተቀምጠውበት ሲያስተምሩን ትንሽ አሸተቱ፣ ዞር ብለውም እኔን አዩኝ። ሼህ ኑሩ ደግሞ ያን ሳምንት መጥተው የሚጠብቁትን ወሬ ከአኮ ሰሙ፤ ግመሎቹ ያጉረመርማሉ። በቤታችን ወሬ ተመለሰ፤ በጋውን ሙሉም አላቋረጠም።

ለሐያት ይህን ሁሉ አልተረክሁላትም። ሽታውን ካሸተትሁ በኋላ ሄጄ ዊልቸሩ ላይ ተቀመጥሁ ብቻ።

"ይሄኛው ይሁን" አልኋት።

"ሰው ምን ይለኛል ብለህ አልነበር?"

እንዳልነገርኋት ጽፌ ነበር፤ ለካ ታውቋታል። "ለሚጠይቁኝ እኔው እመልስላቸዋለሁ" አልኋት።

"ሰማይ ድረስ ሰው እያሳፈረ የሚዞር ትልቅ ጎማም አለ አባባ። ትወጣለህ?"

"እዚያ ስንደርስ እናያለን።"

ማታውን ገፍታ ወደ ሰዓዳ ቤት ወሰደችኝ። መንገድ ላይ ሦስት ሰዎች ምን ሆኜ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ መጫወቻ ስፍራ ልሄድ መለማመዴ እንደሆነ ነገርኋቸው። ሰዓዳን የድሮውን ጥያቄ እንደገና ጠየቅኋት።

"ስንቴ ልንገርህ አንተ ሰው!" አለች። "አልወጣችም። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አንገቱን ዳበሰችው፤ በቃ። እኔ ቅጠልያ ሻሽ ልገዛ ትንሽ ዞር ከማለቴ በቀር ከአጠገቧ አልተለየሁም።"

"ዞር ብለሽ ነበር?"

"ትንሽ አልሁህ።" አለችና ቀጠለች። "ማታ ልብሷን ሳራግፍላት ግን…"

"ግን ምን?"

"የግመል ፀጉር ነበረበት። መቀመጫዋ ላይ።"

ሐያት እጆቿን አጨበጨበች፤ ለእርሷ ጉዳዩ አለቀ። እኔ ግን ይህን እዚህ ላይ ማስፈር አለብኝ፦ ሰውየው የግመሉን ምንጣፍ ወንበሯ ላይ እንዳነጠፈላት ሰዓዳም እኔም በአንድ ቃል እናስታውሳለን። ፀጉሩ ከምንጣፉ ይሁን ከግመሉ ጀርባ የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው የለም።